ወይዘሮ ግን እና ባዶዎቹ ጆንያዎች

እህቴን በስሟ የሚጠራት የመሥሪያ ቤቷ ደመወዝ ከፋይ ብቻ ነው። እኔ እትዬ እላታለሁ። የቀረው ሰው፣ ነጋዴው፣ ተመራማሪው፣ የጉምሩክ መጋዘን ጫኝና አውራጁ ሳይቀር፣ ወይዘሮ ግን ነው የሚላት። ፊት ለፊቷ አይደለም እርግጥ፤ ፊት ለፊቷማ ማን ደፍሮ።

ስሙ የወጣላት ከገዛ አፏ ነው። ሰው ፈቃድ ሊጠይቅ ይገባና የልቡን ተናግሮ ሲጨርስ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ትሰቅልና "ይፈቀዳል" ትላለች። ሰውየው ተመስገን ብሎ ከወንበሩ ሊነሳ ሲል "ግን" ትላለች። ጉዱ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። ያቺን "ግን" ተከትሎ የሚመጣውን ሰምቶ ላብ ሳያጠምቀው የወጣ ሰው እኔ አላየሁም።

ሥራዋ የከብት መኖ ነው። ከውጭ የሚገባ መኖ ሁሉ ተመርምሮና ተመዝግቦ ይሸጥ ሲባል ነው ድንበር የሚያልፈው፤ ሕጉ እንዲህ ነው። ታዲያ አዲስ መኖ ሳይሞከር ደግነቱ በምን ይታወቃል? ለመሞከርስ ሳይገባ እንዴት ይሆናል? ስለዚህ ሕጉ አንዲት ጠባብ በር ትቷል፤ ለምርምር ብቻ ከሆነ ያልተፈቀደውም በልዩ ፈቃድ ይግባ ይላል። የዚያች ጠባብ በር ዘበኛ እህቴ ነበረች። ገብቶ የሚጠይቃትን ሰው ሁሉ አራት ነገር ትጠይቀዋለች፦ መኖውን የበላችው ላም ወተት የት ይገባል፣ ሥጋዋስ፣ እበቷስ፣ የተረፈው መኖስ? የአራቱንም መልስ ይዞ ያልመጣ ሰው ደረጃውን ወጥቶ ደረጃውን መውረድ ነው ትርፉ።

ቢሮዋ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ የሚያልቅበት፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ነው። መስኮቱ ላይ የመኖ ናሙና የያዙ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ እሷ ክዳኑን ከፍታ ታሸታለች፣ በጣቷ ታሻለች፣ አንዳንዴም በምላሷ ጫፍ ትነካለች። የእንግዳው ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው፣ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ሸጉጣለታለች። ይቀየርልሽ ሲሏት እምቢ ብላለች። የሚዋሽ ሰው ስለሚቁነጠነጥ ወንበሩ ያጋልጠዋል ነው የምትለው። አንድ ጊዜ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ነጋዴ መጥቶ ለምርምር ነው እያለ መጋዘን የሚሞላ መኖ ሊያስገባ ጠየቃት። በስንት ላም እንደሚመራመር ጠየቀችው። በጥቂት ላሞች አላት። ትንሽ አሰብ አደረገችና ላሞቹ ዝሆን ናቸው ወይ ብላ በትሕትና ጠየቀችው። ወንበሩ ያን ቀን ካርቶኑን ተፋ ይባላል።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እህቴ ወተት አይስማማትም። አይስማማትም ስል እንዲያው የምግብ ምርጫ እንዳይመስላችሁ፤ ሽታው ገና ከሩቅ ሲደርሳት ፊቷ ይለዋወጣል። ልጆች ሳለን እናታችን አፍንጫዋን ይዛ ልታጠጣት ትታገል ነበር፤ የገባው እዚያው ተመልሶ ይመጣል። የእሷን ድርሻ ጭልጥ እያደረግኩ ያደግኩት እኔ ነኝ። እሷ እንደ ክር የቀጠነችው፣ እኔ በርሜል የሆንኩት በዚህ ነው። ወተት የማትችል ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ወተት ስትጠብቅ ኖረች፤ እንግዲህ ይህን ሥራ ማን እንደሰጣት እንጃ።

እኔ ወተት ሻጭ ነኝ። ከከተማው ዳር፣ ግቢዬ ጀርባ በረት አለችኝ። ድርቁ ያለኝን ከብት አንድ በአንድ ካሸጠኝ በኋላ የቀረችኝ እመቤት ከነጥጃዋ ብቻ ነበረች፤ እመቤት ላሜ ናት። እሷ ካለች ቤቱ አለ፣ እሷ ከነጠፈች ቤቱም ነጠፈ። ልጄ ትዳሩ አልሆን ብሏት ልጇን አዝላ ከተመለሰች ወዲህ ደግሞ አፍ ጨምረናል። ልጁን ሻለቃ እንለዋለን፤ መናገር ሳይጀምር ማዘዝ ጀምሯልና። ጡት ከጣለ ወዲህ የሚኖረው በእመቤት ወተት ነበር።

ከእኛ ሰፈር አልፎ ሜዳው ላይ የእንስሳት ምርምር ጣቢያ አለ። የጣቢያው ዶክተር ገና ወጣት፣ እግሩ እንደ ሽመላ የቀጠነ፣ ለላሞቹ እንደ ሰው ደህና አደራችሁ የሚል ልጅ ነው። ከባሕር አረም የተሠራ እንክብል መኖ ከውጭ ላስገባ ብሎ እትዬ ዘንድ ቀረበ። ሣር በጠፋበት ዘመን ባሕሩ ከብት ቢመግብልን ምን አለ ነው ሐሳቡ፤ ሐሳቡስ ደግ ነበር። የባሕር አረም ግን ባሕሩ ውስጥ ያለውን ደጉንም ክፉውንም ጠጥቶ ነው የሚያድገው፤ በላሚቱ አልፎ ወተቱ ውስጥ ምን እንደሚደርስ እኛ ዘንድ ገና ያጣራ አልነበረም። እትዬ ይፈቀዳል አለችው። ግን ወተቱ ኖራ በተነሰነሰበት ጉድጓድ ይደፋ፣ ላሞቹ ውጤቱ ሳይታይ አይታረዱ፣ አይሸጡ፣ እበቱ ከአጥሩ አይውጣ፣ የተረፈው መኖ እኔ ቆሜ ይቃጠል አለች። ዶክተሩ ሁሉንም እሺ ብሎ ፈረመ። ወንበሩም አልተነቃነቀም።

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩን ሰው አፍ ማን ይቻለው። በዚያ ድርቅ ወተት እንደ መድኃኒት ሲፈለግ፣ ጣቢያው ውስጥ ጠዋት ማታ በባልዲ ይደፋል። የሚደፋው ደግሞ የሚስቴ ወንድም ነው፤ የጣቢያው አላቢ እሱ ነውና። ይህ ሰው ብክነት የሚያመው ሰው ነው። ምስማር ሲጣመም አቃንቶ ኪሱ ይከታል፣ የተበጠሰ ሲባጎ ይቀጥላል፣ ሳሙና ሲያልቅበት ስስ ቅሪቱን በአዲሱ ሳሙና ጀርባ ላይ ይለጥፋል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ያንን ሁሉ ወተት ሲደፋ ቀልቡ ተገፎ ነበር። ማታ ቤቴ መጥቶ፣ እህትህ ልቧ ድንጋይ ነው እያለ፣ እኔው ያቀረብኩለትን ሻይ እየጠጣ እኔኑ ያማርራል።

ሙከራው ሲያልቅ እትዬ መጣች። የተረፈው እንክብል ጉድጓድ ውስጥ ሲቃጠል አመዱ እስኪቀዘቅዝ ከአጠገቡ አልራቀችም፤ በእንጨት እየቆሰቆሰች ያልነደደ ካለ ትፈልጋለች። ጨርሳ ፈርማ ሄደች። ከሄደች በኋላ ሠራተኞቹ ባዶ ጆንያዎቹን ተካፈሉ። ሰርቀው አይደለም፤ ጣቢያው ሲቋቋም ጀምሮ የኖረ ደንብ ነው፦ መኖው የጣቢያው፣ ጆንያው የሠራተኛው። ጆንያዎቹም ጆንያ ናቸው እንዴ! ነጭ፣ ድርብ፣ ውስጣቸው ላስቲክ የለበሰ፣ ውሃ የማያስገቡ ነበሩ። የሚስቴ ወንድም ድርሻውን ተሸክሞ መጣና ግማሹን ለእኔ አወረደልኝ። አራግፌያቸዋለሁ አለኝ። እኔም የእመቤትን ፉርሽካ ውስጣቸው ገለበጥኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ እመቤት ወተቷ ጨመረ። ፉርሽካው ሲቀርብላት ገንዳውን እስክትልስ ትበላለች። እኔ እቴ፣ በአያያዜ ነው ብዬ ሰፈሩን በጉራ ሞላሁት። ላም እንዲህ ነው የሚያዝ እያልኩ ያልጠየቀኝን ሁሉ መከርኩ። ሻለቃም ጉንጩ ሞላ፣ በሁለት እጁ ኩባያውን ይዞ ጨምሩ እያለ ያዝዛል።

እትዬ እሑድ እሑድ ትመጣለች። ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከበረቱ ርቃ፣ ነፋሱን አይታ ነው፤ የወተቱ ሽታ እንዳይደርስባት። ያን ቀን ግን ሻለቃ ጣቷን ይዞ ጥጃ ላሳይሽ ብሎ ጎተታት፤ የሻለቃን ትእዛዝ ደግሞ እሷም አትሽርም። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ገባች። እኔ እበት እየጠረግኩ ነበር። በሩ ላይ ድርቅ ብላ ቆመች። ከዚያ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደችው። በዕድሜዋ በረት ውስጥ አፍንጫዋን ስትገልጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አሸተተች፤ ሄዳ ጆንያዎቹ ላይ አጎነበሰችና እንደገና አሸተተች። ፉርሽካውን ወለሉ ላይ ገለበጠችው። የጆንያውን ጥግ ወደ ውጭ ስትገለብጥ ላስቲኩ እጥፋት ውስጥ እፍኝ የሚሞላ አረንጓዴ ብናኝ ተቋጥሮ ተገኘ። ይሄው ብናኝ መስኮቷ ላይ ካሉት ጠርሙሶች በአንዱ ውስጥ አለ፤ ስታሸተው ነው የከረመችው።

ከየት እንደመጣ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀች፣ እሱንም ነገርኳት። ከዚያ ሻለቃን አየችው፤ የጥጃውን ጅራት ይዞ ያዝዛል። የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች።

"ረሳሁት" አለች።

"ምኑን?"

"ጆንያውን። ወተቱን ጻፍኩ፣ ሥጋውን ጻፍኩ፣ እበቱን ጻፍኩ። ጆንያውን ረሳሁት።"

እኔ መጀመሪያ ቀለል አድርጌ ነው ያየሁት። ወረቀትሽ ላይ ጆንያ የሚል ከሌለ ማንም ሕግ አልጣሰም፣ በቃ እናቃጥለውና ይረሳ አልኳት። አዎ፣ አንተም አላጠፋህም፣ ያንተ አላቢም አላጠፋም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለችኝ። እንግዲያ ምን ይሁን ስላት፣ ወተቱ ይደፋል አለች። ፍርጥም ብላ። ጥጃው ይጥባ፣ ግን ውጤት እስኪመጣ እንዳይሸጥ። የልጁ ወተት ከሌላ ቤት ይገዛለት፣ ዛሬውኑ ደግሞ ሐኪም ይየው።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ወተት ሻጭ ወተቱን መድፋት ጀመረ ከተባለ ሰው ምን እንደሚል እኔ ነኝ የማውቀው። ውሃ ቀላቀለበት ይባላል፣ ላሟ ታማለች ይባላል፣ ከዚያ ወዲያ በሬን የሚያንኳኳ የለም። ደንበኛ እንደሆነ አንዴ ከሄደ ሄደ ነው። ቤቴን ልትዘጊው ነው ወይ አልኳት። እፍኝ ብናኝ ነው፣ ልጁም ይኸው እንደ ቋጥኝ ጤነኛ ነው፣ እዪው አልኳት።

"ጤነኛ ነው" አለች። "ጤነኛ እንደሆነ እንዲቆይ ነው።"

"የዶክተሩ ላሞች ምን ሆኑ? ሞቱ?"

"አልሞቱም።"

"ወተታቸውስ መርዝ ተገኘበት?"

"ውጤቱ ገና አልመጣም። አላውቅም።"

"እንግዲያ ካላወቅሽ!"

"አለማወቄን እኮ ነው የምነግርህ" አለችኝ።

ሰው ሁሉ ባለሥልጣን እህት አለችው ብሎ ይቀናብኛል፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይሄኔ ነው። እሱንም አልኳት። ሌላም ሌላም አልኩ፤ ሚስቴ ወጥታ ጎረቤት ይሰማል እስክትል ድረስ። እትዬ ሻለቃን አቅፋ፣ ልጄን አስከትላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። ምንም የለበትም ብለው መለሱት። ለእኔ ይሄ በቂ ነበር፤ ለእሷ አልነበረም።

በማግስቱ ማለዳ ገና እመቤትን ሳላልብ በሩ ተንኳኳ። የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ግማሽ ኩንታል ኖራ አስጭና ቆማለች። መጀመሪያ ደንበኞችህ ዘንድ ውሰደኝ አለችኝ። ለምን ብላት፣ እኔ ልነግራቸው አለች። እግሬ እየተጎተተ መራኋት። የመጀመሪያው በር የጡረተኛው መምህር ነበር፤ ከእኔ ወተት ሲወስዱ ኖረዋል። እትዬ ማን እንደሆነች ነገረቻቸው፣ ሥራዋን ነገረቻቸው፣ ስለ ጆንያው አንዳችም ሳታስቀር ዘረዘረችላቸው። ከዚያ እኔን በእጇ ጠቆመችኝ።

"ወንድሜ ወተቱ ላይ ውሃ አልጨመረበትም፣ ክፉ ነገርም አላደረገበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ወተቱ ንጹሕ መሆኑ እስኪታወቅ እንዳይሸጥ የከለከልኩትም እኔ ነኝ" አለች።

መምህሩ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። በስተርጅና አንድ ነገር አየሁ አሉ፤ ባለሥልጣን በሬን አንኳክቶ ተሳስቻለሁ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው አሉ። ሁሉም በር ግን እንደ እሳቸው በር አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ስታጠጣን ከረምክ ብላ እኔን ልብሱን በምትቀድበት መቀስ ልትወጋኝ ምንም አልቀራት። እትዬ በመሃላችን ገብታ፣ እኔን ስደቢኝ፣ የእኔ ነው አለቻት። ልብስ ሰፊዋም አላሳፈረቻትም፤ በደንብ አድርጋ ሰደበቻት። እትዬ እስክትጨርስላት ጠብቃ አመስግናት ወደሚቀጥለው በር ሄደች። እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ፣ ከትናንት የተረፈውን ንዴቴን የት እንደምጥለው ጠፋኝ።

ከዚያ ጆንያ ለቀማ ነው። ከቢሮ ስትወጣ በየሠራተኛው ቤት እየዞረች፣ ገበያ ገዝታ ባመጣቻቸው አዲስ ጆንያዎች ትለውጣለች። አንዱ ቤት መጋረጃ ሆኖ ተገኘ፣ አንዱ ቤት ፍራሽ፣ አንዱ ቤት የዶሮ ቤት ጣሪያ። የሚስቴ ወንድም ደግሞ የአንዱን ጆንያ ታች ለአንገቱ፣ ጎንና ጎኑን ለእጁ ቀዶ የዝናብ ካፖርት ሠርቶበታል፤ ስንደርስ ለብሶት ነበር። ግቢው መሀል ቆሞ ሲያወልቅ ልጆቹ ሳቁበት። ይህም ይቃጠል? አላት። አዎ አለችው። አንገቱን ደፍቶ ሰጣትና፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ጭድ የሞላበት ስልቻ ውስጥ ደብቆት የነበረውን ሌላ ጆንያ ራሱ አምጥቶ ጨመረላት። ይህን ሰው ለሚያውቀው፣ ያ ትልቅ ነገር ነው።

መሥሪያ ቤቷ የሆነውን ከእሷ አልሰማሁም፤ እሷ ምን ትነግረኛለች። የነገረኝ ሾፌራቸው ነው። አለቃዋ ጠርተዋት፣ ጆንያ መኖ አይደለም፣ የተኛ ነገር አትቀስቅሺ፣ የክፍሉ ኃላፊነት ወዳንቺ እየመጣ ነው፣ አሁን ራስሽን አትክሰሺ ብለው በወዳጅነት መከሯት አሉ። እሷም ምክራቸውን አመስግና ተቀብላ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ተመልሳ የገዛ ስሕተቷን በገዛ እጇ ጽፋ አቀረበች። ኃላፊነቱ ለሌላ ሰው ሄደ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እሷ ግን ሳትሾም ተሽራ ሳይቆጫት ቀረች። በጥያቄዎቿ ላይም አምስተኛ ተጨመረ፦ ጆንያውስ የት ይገባል? ዛሬ ከዚያ ቢሮ ፈቃድ የሚወስድ ሁሉ ይህን ሳይመልስ አይወጣም። ከማን ስሕተት እንደመጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

የመድፋቱ ነገር አይነሳ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔ ከዚያም ባሰ። ላሟም በረቴ ውስጥ፣ ወተቷም ዓይኔ እያየ ጉድጓድ ውስጥ። እኔ አልባለሁ፣ እትዬ ትደፋለች። ለአንተ አይሆንልህም ብላ በየማለዳው ከሥራ በፊት ትመጣና ባልዲውን ከእጄ ትቀበለኛለች። ትኩስ ወተት ሽታው ምን ያህል እንደሚበረታ የማያውቅ አይፍረድ። ፊቷን ወደ ጎን አዙራ፣ ከንፈሯን ገጥማ ተሸክማው ትሄዳለች፤ ደፍታ፣ ኖራ ነስንሳ፣ ጉድጓዱ አጠገብ ቆማ ትንሽ ታቃስታለች። ከዚያ እጇን ታጥባ አውቶቡስ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ባልዲውን ልነጥቃት ብል እምቢ አለችኝ። ቤቱ በምን ኖረ ብትሉ ሚስቴን ጠይቁ፤ እትዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንቢል ይዛ በጓዳ በር ትገባ ነበር፣ እኔም ያላየሁ እሆን ነበር።

በመጨረሻ አንድ ማለዳ፣ እትዬ ደፍታ እጇን ስትታጠብ፣ ዶክተሩ ውጤቱን ይዞ በብስክሌት እየበረረ ግቢዬ መጣ። ከጣቢያው ላሞችም ከእመቤትም ወተት ናሙና ተልኮ ነበርና። ንጹሕ ነው፣ አለ እያለከለከ፤ የሁሉም ንጹሕ ነው።

እኔ ምን ጠበቅኩ። አላልኩሽም ወይ አልኳት፤ ያ ሁሉ ወተት በከንቱ ነው የፈሰሰው፣ ምንም አልነበረበትም። እትዬ ወረቀቱን ደጋግማ አነበበችና አጣጥፋ መለሰችለት።

"በከንቱ አይደለም። ያኔ አናውቅም ነበር፤ አሁን እናውቃለን" አለችኝ።

እኔ ዛሬም በከንቱ ነው የፈሰሰው እላለሁ። በዚህ ግን እንዳልጨቃጨቃት የሚያደርገኝ በማግስቱ ጠዋት የሆነው ነው።

በማግስቱ ጠዋት አለብኩና ባልዲውን ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁ። ወሬ ተሰምቶ ደንበኞቼ መጥተዋል፤ መምህሩ አሉ፣ ልብስ ሰፊዋ አለች፣ ሌሎችም። እትዬም እንደ ልማዷ ከሥራ በፊት ደርሳለች። ሁሉም ባዶ ዕቃቸውን ይዘዋል፣ ቅዳልኝ የሚል ግን የለም። አንዱ ሌላውን ያያል። ልጄ ሻለቃን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ቆማለች። እሱ ባልዲውን ሲያይ ኩባያው ይምጣ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ። ልጄ እኔን አየችኝ። እኔም፣ እፍኝ ብናኝ ነው እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ የጮኽኩት ሰውዬ፣ ኩባያውን ይዤ እጄ አልንቀሳቀስ አለኝ። ወረቀቱ ንጹሕ ብሏል፤ እጄ ግን ወረቀት ማንበብ አይችልም።

"እትዬ፣ ይሰጠው?" አለች ልጄ።

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች።

"ይፈቀዳል" አለች።

ሁላችንም ጠበቅን። ልብስ ሰፊዋ፣ ይኸውላችሁ አሁን ትመጣለች ብላ አጉረመረመች።

"ግን" አለች እትዬ፣ "መጀመሪያ ለእኔ ቅዱልኝ።"

ማንም ምንም አልመሰለው። አንዲት ሴት ወተት ልትጠጣ ነው፣ ምን ይደንቃል። እኔ ግን እዚያ ግቢ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ተለይቼ የማውቅ ነበርኩ። እናታችን አፍንጫዋን ይዛ ያቃታትን፣ የእሷን ድርሻ ስጠጣላት ያደግኩትን። ሞልቼ ሰጠኋት፤ ለምን እንደሞላሁት እንጃ። በሁለት እጇ ያዘችው። ዓይኗን ጨፈነች። መሀል ላይ ስትደርስ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠና ቆመች። ይበቃል እትዬ፣ አልኳት በቀስታ። ራሷን ነቀነቀች፤ ኩባያውን ሽቅብ አድርጋ ጨረሰችው። በእጇ ጀርባ ከንፈሯን ጠረገች።

"አሁን ስጡት" አለች።

ሻለቃ ጠጣ። ጨምሩ አለ። ልብስ ሰፊዋ ምንም ሳትናገር ዕቃዋን ወደ እኔ ዘረጋች፣ ከእሷ ኋላ መምህሩ፣ ከዚያ ሌሎቹ። ግማሹን ከዕቃው ውጭ ነው የቀዳሁት፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ አፉ አይታየኝም ነበር።

ሰዉ ሲበተን ዞር ብዬ ብፈልጋት የለችም። በረቱ ጀርባ፣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አጎንብሳ አገኘኋት። ውሃ ይዤላት ሄድኩ።

"ወጣ?" አልኳት።

"አልወጣም" አለች፣ ጥርሷን ነክሳ። "ይዤዋለሁ።"

ጀርባዋን ይዤላት ቆምኩ። ትንሽ ቆይታ ቀና አለች፣ ውሃውን ጠጣች፣ መነጽሯን አስተካከለች። አውቶቡሱ ያመልጠኛል ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።